ቪዲዮው ቪው አለው፣ ገዢ ግን የለውም

ጥያቄ (ትንሽ አሳጥሬዋለሁ)

«ሰላም ወንድሜ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ፣ ትንሽ ነች ግን የራሴ ነች። ልብሱን ከሸማኔዎች ጋር ተነጋግሬ አሰርቼ ነው ምሸጠው። ባለፈው ቪዲዮ የሚሰራ ልጅ 30 ሺህ ብር ከፍዬ ነበር፣ በድሮን ከእንጦጦ በኩል አነሳ፣ ሞዴል አመጣ፣ ሙዚቃ ጨመረ፣ ሶስት ደቂቃ የሆነ በጣም ያማረ ነገር ሰራልኝ። ቲክቶክ ላይ ብዙ ሰው አይቶታል፣ ላይክም አለው፣ ግን እሱን አይቶ መጥቶ የገዛ ሰው አላውቅም። አሜሪካ ያለች ልጅ ደግሞ ራሴ በስልክ ያነሳሁትን አይታ አዘዘችና ሲደርሳት ጥለቱ ቪዲዮው ላይ ያየሁት ከለር አይደለም ብላ ተቀየመችኝ። የእህቴ ልጅ ካልጨፈርሽበት አይታይም ይለኛል፣ እኔ ደሞ ካሜራ ፊት መቆም አፍራለሁ። ዲዛይኔንም ጎረቤት ይቀዳብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ሌላ ባለሙያ ልቅጠር ወይስ ይቅርብኝ?»

ባለሱቋ ከሽሮ ሜዳ

መልስ

እህቴ፣ አይቅርብሽ። ሌላ ባለሙያም አሁኑኑ አትቅጠሪ። ስልክሽ ይበቃል፣ ከስልኩ በፊት ግን ቪዲዮው ለምን እንደሚሰራ እንነጋገር፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቪዲዮ ችግሩ ጥራት አይመስለኝም።

እስቲ አንዲት ሴት ሱቅሽ ስትገባ ምን እንደምታደርግ አስቢው። እጇ ነው ሚቀድመው። ጥለቱን ትዳብሳለች፣ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን ታያለች፣ ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስስ ነው ወፍራም ነው ትላለች፣ ጨምደድ አድርጋ ትለቀዋለች፣ ደረቷ ላይ ለጠፍ አድርጋ መስታወት ታያለች፣ ከዛ ስንት ነው፣ ከዛ ክርክር። ሜሪላንድ ወይ ዱባይ ወይ ቴልአቪቭ ቁጭ ብላ ምታይሽ ሴት ይሄን ሁሉ ማድረግ አትችልም። ስለዚህ ያንቺ ቪዲዮ ስራው እሱ ነው፣ እጇን ተክቶ መዳበስ፣ ገልብጦ ማሳየት፣ ወደ ብርሃን ከፍ ማድረግ። ድሮኑ እንጦጦን አሳየ፣ ሞዴሏ ፈገግ አለች፣ ቀሚሱ ግን ምን አይነት ጨርቅ እንደሆነ፣ ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ሱቅሽስ የት ጋር እንደሆነ ሶስት ደቂቃ ሙሉ ማንም አልነገራትም። ቆንጆ ነው ብላ ላይክ አድርጋ አለፈች፣ ምን ታድርግ።

አሁን ወደ ከለሩ ልሂድ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። አንድ ደንበኛ ተቀየመች ማለት ብቻ አይደለም፣ ርቆ ያለ ሰው ባላየው ነገር ላይ ብሩን አምኖ ሲልክ ያ እምነት ከተነካ ለዘመዶቿም ትናገራለች። ግን ያንቺ ተንኮል የለበትም፣ ካሜራው ነው።

የስልክ ካሜራ ነጭ ምን እንደሆነ አያውቅም። ፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ አይቶ መሀል ላይ ለማድረግ ነው ሚሞክረው። ስለዚህ ፍሬሙን በሙሉ ነጭ ቀሚስ ከሞላሽው ብርሃን በዝቷል ብሎ ያጨልመዋል፣ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ጥለቱም አብሮ ይጠቁራል። ተቃራኒውም አለ፣ ጨለም ያለ ሱቅ ውስጥ አንድ ነጭ ቀሚስ ከተሰቀለ ለጨለማው ብሎ ያበራውና ቀሚሱ ወረቀት ይመስላል፣ ሽመናው ምኑም አይታይ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ስክሪኑ ላይ ቀሚሱ ያለበትን ቦታ በጣትሽ ጫን አድርገሽ ትንሽ ቆዪ፣ አብዛኛው ስልክ ላይ ፎከሱና ብርሃኑ እዛው ይቆለፋል፣ ከጎኑ ትንሽ የጸሐይ ምልክት ትመጣለች፣ ነጩ ግራጫ ከሆነ እሷን ወደ ላይ ገፋ፣ ከነጣ ወደ ታች ሳብ። ነጩ ነጭ ሆኖ ክሩ ግን ሲታይ እዛ ላይ አቁሚው።

ሁለተኛው የከለር ጠላት የተቀላቀለ ብርሃን ነው። ከበሩ የቀን ብርሃን ይገባል፣ ከላይ ደሞ አምፖል በርቷል፣ ካሜራው የቱን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል፣ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ስትቀርጺ የሱቁን መብራት አጥፊው፣ ወደ በሩ ቅረቢ። ሱቅሽ ፊት ባለ ከለር ሸራ ወይም ላስቲክ ከተወጠረ ደሞ ከሱ ስር ፈጽሞ አትቅረጺ፣ ሰማያዊ ሸራ ስር ያለ ነጭ ቀሚስ ሰማያዊ ነው ሚሆነው፣ አይናችን ስለሚላመደው አናስተውለውም ካሜራው ግን እንዳለ ይቀዳዋል። ፊልተርም በቃ አትንኪ፣ ቆዳ ሚያለሰልሰውንም ከለር ሚያደምቀውንም። ቀርጸሽ ስትጨርሺ ቀሚሱን ራሱን ስልኩ ጎን ያዢና አስተያዪ፣ ከተቻለ በሌላ ሰው ስልክም እዪው። አረንጓዴው አሁንም ትንሽ ከተለየ በድምጽሽ ተናገሪው፣ «ስክሪን ላይ ፈካ ብሎ ነው ሚታየው፣ በአካል ጠቆር ይላል» በይ። ይሄን ያለች ሻጭ ላይ ሰው እምነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሰዓቱንም ምረጪ። አዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ ጸሐይዋ አናት ላይ ነች፣ አይን ስር ጥላ ትጥላለች፣ ነጩን ታቃጥላለች፣ በዛ ላይ የኛ ጠይም ፊትና ነጭ ቀሚስ አንድ ላይ ሲሆኑ ካሜራው ወይ ፊቱን ያጠቁራል ወይ ቀሚሱን ያነጣል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ጸሐዩ ላይ ሳይሆን ግድግዳ ጥላ ስር ቁሙ፣ ፊቷም ቀሚሱም አብረው ይወጣሉ። ጥለቱን ከቅርብ ስታነሺ ደሞ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ከፊት ከመጣ ሁሉም ዝርግ ይሆናል፣ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዷ ክር ጥላ ስለምትጥል ሽመናው ጎላ ብሎ ይታያል። የስልኩ ፍላሽ እርሽው።

ማታ በመብራት ከመቅረጽ ውጪ አማራጭ ከሌለሽ አንድ ነገር እወቂ። የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ማለት ኃይሉ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለቴ ስለሚደበዝዝ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል፣ አይን አያየውም፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ግን ከሱ ጋር ስለማይገጥም ቪዲዮው ላይ ጥቋቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ ታያለሽ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዛ ሪከርድ ቪዲዮ ገብተሽ «ሾው ፓል ፎርማትስ» ምትለዋን አብሪና 25 ፍሬም ያለውን ምረጪ። ሌላ ስልክ ላይ ፕሮ ቪዲዮ ሚል ካለ ሹተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጊው፣ መስመሩ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ከዚህ ውጪ ስለ ስልኩ ብዙ አልልም፣ ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ጥረጊ፣ በጣት ከማቅረብ ይልቅ ቀረብ ብለሽ አንሺ፣ ሰው ሙሉ ለሙሉ ስታነሺ ግን ራቅ በይ፣ ምክንያቱም በጣም ተጠግተሽ ካነሳሽ የሰውነት ቅርጽ ይዛባል፣ ገዢዋም ቀሚሱ እንደዛ ነው ሚያደርገኝ ብላ ትሸሻለች።

ቪዲዮውን ከጥለቱ ጀምሪ። ሎጎ የለም፣ ሰላም እንደምን ናችሁ የለም፣ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ላይ ጣቶችሽ ጥለቱ ላይ ይሁኑ። ከዛ ገልብጪው። ይሄ መገልበጥ ምትይው ነገር ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ገበያው ውስጥ የጥለት ስዕል የታተመበት ጨርቅ ሞልቷል፣ በህትመት የተሰራው ከጀርባው ደብዝዞ ወይ ባዶ ሆኖ ነው ሚታየው፣ ሸማኔ የሰራው ግን ክሩ ከጀርባም አለ። ሳምንታት መሸመኛው ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያ እያመላለሰ የሰራ ሰው ልፋት ከታተመ ጨርቅ ጋር በአንድ ዋጋ ሲከራከሩበት ሳይ በጣም ይቆጨኛል፣ ስለዚህ ጀርባውን አሳዪልኝ እህቴ፣ ለገዢዋም ለሸማኔውም ፍትህ ነው። ከጀርባው በኋላ ጨምደድ አድርጊና ልቀቂው፣ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጊው ስስነቱ ይታይ፣ ከዛ ለብሳው ምትራመድና አንዴ ምትዞር ሰው፣ ከዛ ሜትር። ሜትሩን አትርሺ፣ ከትከሻ እስከ ታች ስንት፣ ደረት ስንት፣ ወገብ ስንት ብለሽ ሜትሩን ጨርቁ ላይ ዘርግተሽ አሳዪ፣ የለበሰችውንም ቁመት ተናገሪ። ውጭ ያለ ሰው ሚፈራው ዋናው ነገር ልክ አይሆነኝም ብሎ ነው። ይሄ ሁሉ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃዋል።

ብዙ ባለሱቅ ሲያበላሸው የማየው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስልኩን ቁመቱን ይዘሽ ነው ምትቀርጺው አይደል፣ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ደሞ ከስር ጽሁፉና ስምሽ፣ ከቀኝ በኩል የላይክና የኮመንት ምልክቶቹ ይቀመጣሉ። የሐበሻ ቀሚስ ትልቁ ጥለት የት ነው? እግሩ ጋር። ማለትም ገዢዋ ልታየው የመጣችው ነገር በትክክል ጽሁፉ ስር ተደብቋል። ስለዚህ ሙሉ ቁመት ስታነሺ ከታች የፍሬሙን አንድ አምስተኛ ባዶ ተይ፣ መሬቱ ይታይ፣ ግድ የለም።

መጨፈሩን በተመለከተ፣ የእህትሽ ልጅ ከልቡ ነው የሚያስብልሽ፣ ግን ካልፈለግሽ አትጨፍሪ። ፊትሽም ግዴታ አይደለም። እጅሽና ድምጽሽ ይበቃሉ። ካሜራ ፊት ስትቆሚ ሚጠፋብሽ ንግግር ደንበኛ ፊት ግን አይጠፋብሽም፣ ስለዚህ የእህትሽን ልጅ ካሜራውን ያስይዢውና እንደ ገዢ ይጠይቅሽ፣ «ይሄ ፈትል ነው? ይታጠባል? ማሳጠር ይቻላል? የናትና የልጅ አለ?» ይበል፣ አንቺ እሱን እያየሽ እንደ ሁልጊዜው መልሺለት። የምትናገሪውን ጽፈሽ አታጥኚ፣ ያጠናሽው ያስታውቃል። ድምጹ ላይ እድለኛ ነሽ፣ ጨርቅ የሞላበት ሱቅ ማሚቶ ይውጣል፣ ስቱዲዮ የሚሰሩ ሰዎች ግድግዳ ላይ ወፍራም ነገር ሚሰቅሉት ለዛ ነው። በሩን ገርበብ አድርጊ፣ የታክሲው ጥሩምባ ይቀንሳል፣ ስልኩ ካፍሽ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ራቅ ካለ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ላይ ያለችውን ትንሽ ማይክ ተጠቀሚ። ብዙ ሰው ድምጽ አጥፍቶ ስለሚያይ ዋና ዋናውን በጽሁፍም ድገሚው፣ ወፈር ባለ ፊደል፣ ስክሪኑ ከመሀል ከፍ ብሎ። ሙዚቃ ካስፈለገሽ አካውንትሽ የቢዝነስ ከሆነ ቲክቶክ ለንግድ የፈቀደውን ብቻ ነው ሚሰጥሽ፣ የታወቁት ዘፈኖች ላይመጡልሽ ይችላሉ። እኔን ከጠየቅሽኝ የመሸመኛው ድምጽ ይበልጣል።

ዋጋ። «ዋጋ በኢንቦክስ» ሚባለውን ነገር ብትተዪው ደስ ይለኛል። አውቃለሁ፣ ጎረቤት እንዳያይ ነው፣ ለመከራከርም ቦታ እንዲኖር ነው። ግን ከሌላ ሀገር ሆና፣ ከስራ መጥታ፣ ደክሟት ምታይሽ ሴት ለዋጋ መልእክት ጽፋ እስክትመልሺላት ሶስት ሌላ ሱቅ አይታለች። ቁርጥ ዋጋ መናገር ከከበደሽ «ከዚህ ይጀምራል፣ እንደ ጥለቱ ይጨምራል» በይና ቁጥሩን ጥሪው። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ በቴሌብር ነው በባንክ፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ እንዴት እንደሚላክ አብረሽ ተናገሪ። ሰው ኦንላይን ስለተጭበረበረ ይፈራል፣ ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ሱቅሽ በር ድረስ እየሄድሽ ቅረጺና ከላይ ፒን አድርጊው፣ ሱቅ እንዳለሽ ያየ ሰው ይረጋጋል። እቃ ስታሽጊም ቅረጺ፣ የደንበኛዋን ስምና አድራሻ ግን አታሳዪ።

መቀዳቱን በተመለከተ ውሸት አልነግርሽም፣ ይቀዳሉ። ቀሚሱ መስኮት ላይ ቢሰቀልም ይቀዳሉ፣ ሙሽራዋ ለብሳው ፎቶ ብትለቅም ይቀዳሉ። ማድረግ ምትችይው አዲስ የሙሽራ ዲዛይን ከሆነ ባለቤቷ ሳትለብሰው ሙሉውን አለማውጣት ነው፣ ጥለቱን ብቻ ወይ ክንዱን ብቻ አሳዪ፣ ለሷም ክብር ነው። ሙሽሮችንና ደንበኞችን ስትለጥፊ ፈቃዳቸውን በጽሁፍ ወይ በድምጽ ያዢ። ሸማኔዎቹንም እንደዛው። አብረውሽ ሚሰሩት ምናልባት ከዶርዜ የመጡ ወይም አባቶቻቸው ከዛ የመጡ ናቸው፣ ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጋት የነሱ እጅ ነው፣ ቪዲዮ ላይ ማስጌጫ አታድርጊያቸው። አስፈቅጂ፣ ስማቸው እንዲጠራ ከፈለጉ ጥሪ፣ የስራ ሰዓታቸውን ከወሰድሽ ክፈያቸው። መወርወሪያው ሲመላለስ፣ ድሩ ሲወጠር፣ ጥለቱ ክር በክር ሲገባ ያለው አንድ ደቂቃ ቪዲዮ «ለምን ተወደደ?» ለሚለው ኮመንት ሁሉ መልስ ይሆንሻል፣ አንቺ መከራከር አይጠበቅብሽም፣ ሊንኩን ትልኪያለሽ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል አይደል፣ ቪዲዮውም ለጥምቀት ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው። ብዙ ሻጭ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ነው ሚለጥፈው፣ ያኔ አዲስ አበባ ያለ ሰው የተሰቀለውን ይገዛል፣ ማሰራት ግን አይችልም፣ ውጭ ያለውማ ጨርሶ አይደርስለትም። ከጥር 11 ወደ ኋላ ቁጠሪ፣ የሽመናው ጊዜ፣ የስፌቱ ጊዜ፣ የመላኪያው ጊዜ፣ ስለዚህ ጥቅምት ላይ ቪዲዮው መውጣት አለበት። ለጥር ሰርግም በዛው። ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ፣ አሜሪካና አውሮፓ በጋቸው ላይ ነው ሰርግ ሚበዛው፣ ለነሱ ከመጋቢት ጀምሪ፣ ለእንቁጣጣሽ ደሞ ሰኔ። አንድ ጠዋት ቁጭ ብለሽ አምስት ስድስት ቀሚስ ቅረጺና በየሶስት አራት ቀኑ አንድ አንድ ልቀቂ፣ በየቀኑ ካሜራ ይዘሽ አትሰቃዪ።

ያንኑ ቪዲዮ ቴሌግራም ቻናልሽ ላይም አድርጊው፣ ጥራቱ እንዳይወርድ እንደ ፋይል ላኪው፣ ብዙ ደንበኛ ቲክቶክ ላይ ያይሽና ቴሌግራም ላይ ነው ሚያዘው። ቪውውን ለጊዜው እርሺው። ደብተር ያዢና የትኛው ቪዲዮ «ስንት ነው፣ የኔ ልክ አለ?» የሚል መልእክት እንዳመጣ፣ ማን ቀብድ እንደላከ ጻፊ። ትንሽ ሰው ያየው ቪዲዮ ሁለት ማዘዣ ካመጣ እሱን አይነት ድገሚ። ፎሎወር እንሽጥልሽ ሚሉሽን አትስሚ፣ እነሱ ቀሚስ አይለብሱም።

ያን ልጅ ደሞ አትቀየሚው፣ እንደታዘዘው ነው የሰራው። ሶስት ደቂቃውን ቪዲዮ ጥሬውን ካስቀመጠ ጠይቂውና ቀሚሱ ከቅርብ ሚታይበትን ቦታ ቆርጦ አጫጭር አድርጎ ይስጥሽ፣ ብርሽ ሙሉ ለሙሉ አልጠፋም። ወደፊት እሱን ወይም ሌላ ባለሙያ መቅጠር ከፈለግሽ ለሽመናው ቪዲዮ ቅጠሪ፣ እዛ ላይ ብርሃኑም ቦታውም ይከብዳል፣ ጉድጓዱ ጨለማ ነው፣ በስልክ ብቻ ጥሩ አይወጣም። ከመክፈልሽ በፊት ግን ምን ምን እንደምትፈልጊ በወረቀት ስጪው፣ ጥለቱ ከቅርብ፣ ጀርባው፣ መወርወሪያው፣ የሸማኔው እጅ፣ የሱቅሽ በር፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር በጽሁፍ፣ ድሮን አያስፈልግም።